ከድጃ የማትሻገረው ዘንግ

ይህን የምጽፈው ቤቱ ውስጥ የሚረሳ ሰው ላለበት ነው። መነጽሩን የት እንዳኖረ የሚረሳውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ሁላችንም ነን። የወለዳትን ልጅ አፍጥጦ አይቶ «እርስዎ ደግሞ የማን ነዎት?» ብሎ የሚጠይቀውን ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ጭንቀቱን ለጎረቤት አያወራም፤ ያፍራል። እኔ አላፍርም። በመርካቶ ሰይድ ሚዛን ጠጋኙን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር አልነበረም፤ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቅሜ ነው የተማርኩት። ሙያዬንም ማንም አላሳየኝም፤ ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱትን ሚዛን ፈታሁት፣ መልሼ ገጠምኩት፣ ከዚያ በኋላ ልክ መዘነ። ሕመምተኛ መያዝንም እንደዚሁ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ስለዚህ የሚያነበኝ ሰው ከሚያውቅ ሰው እየሰማ መሆኑን ይወቅ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው፣ የሚረሳ ሰው ላይ በር አትቆልፉ። ሁለተኛውን ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብናገረው አይገባችሁም።

ሚስቴ ከድጃ እህል በረንዳ ላይ ምስርና ሽንብራ ስትሸጥ ያረጀች ሴት ናት። እፍኝ ምስር አንስታ በጥርሷ ሰበር ታደርግና የየት አገር እንደሆነ ትናገራለች፤ ደላላ ቢዋሽ ፊቱ ላይ ትስቅበታለች። አንድ ቀን ከሥራዬ ወጥቼ ልወስዳት ስሄድ፣ የምስር ጆንያ ፊት ተቀምጣ እፍኟን ሞልታ አገኘኋት።

«ሰይድ፣ ይኼ ነገር ይበላል?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ቀልድ ታውቅ ነበርና ቀልድ መሰለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። መልሴን እየጠበቀች ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየተደራረበ መጣ። ሻሿን አስራ ሻሿን ትፈልጋለች። ዘይት ብላ ላምባ ወጥ ውስጥ ጨመረች፤ አላህ ሲያተርፈን ሽታው ቀደመን። የሞተችው እናቷ በተወለደችበት በሐይቅ ከተማ ሆና እንደምትጠብቃት ትነግረኝ ጀመር። ሲመሽ ሲመሽ ይብስባታል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃዋን በነጠላ ትቋጥርና «በል እንግዲህ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ» ትላለች። ቤቷ ውስጥ ቆማ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም አንሷታል አለ። መርፌ ታዘዘላት፣ ጉበት ትብላ ተባለ። ሁለተኛው ግፊት ነው አለና ጨው ከለከላት፤ ጨው ሲቀርባት እሷ ደግሞ ምግቡን ራሱን እምቢ አለች። አንድ ሼህ የወንዝ ዳር ጂን ነው ብለው ክታብ ጻፉላት። ክታቡን አኘከችው። እኔ በበኩሌ ጆሮዋ ነው ብዬ ነበር፤ የሚነገራትን የማትይዘው ስለማትሰማ ነው አልኩ። ሞቅ ባለ ዘይት አለስልሼ ጆሮዋን አጸዳሁላት። ወላሂ እንዲህ የጠራ ጆሮ አይታችሁ አታውቁም፤ ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ የተሰደበውን ሁሉ ትሰማለች። በሽታው ግን ጆሮ አልነበረም።

በመጨረሻ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላክን። ከጎህ በፊት ሄደን የተቀመጥንበት አግዳሚ ላይ እስከ ከሰዓት ቆየን። ከጎናችን የነበረች አንዲት ገበሬ ሴት ከድጃ አሥር ጊዜ «ስንት ልጅ አለሽ?» ስትላት አሥር ጊዜም በፈገግታ መለሰችላት። ያቺን ሴት አላህ የትም ትሁን ይጠብቃት። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ይዛችሁ ስትሄዱ የምትፈልጉት መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የማይሰለች ጎረቤት በአግዳሚው ላይ ማግኘትም ነው።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉማለች። ከመጋረጃው ወዲያ ካኪ የለበሱ ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ተባለች።

«የገበያ ቀን።»

«ልክ ናት» አልኩ።

«አባቴ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ» አለችኝ ነርሷ።

«የት ነው ያለነው?»

«እናንተ ቤት ነዋ። ግን እስካሁን ምንም አላቀረባችሁልንም።»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ሐኪሙ ቀጠለ፣ እሷም ተረጎመች፦ «አገሪቱን የሚመራው ማን ነው?»

«ንጉሡ ናቸዋ!» አለች ከድጃ፣ በገበያ ድምጿ። «ይኼ ደግሞ ይጠየቃል? ዕድሜያቸውን ያርዝመው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ወሬው ቆመ። ንጉሡ ከወረዱ ቆይቷል፤ ስማቸውን በደህና ማንሳት ያሳስራል። እኔ ፈሪ ሰው አይደለሁም፣ ይህንንም መጻፌ ምስክሬ ነው፤ ግን ያን ቀን ላቤ እስከ ጫማዬ ወረደ። ነርሷ ቀና ሳትል ለሐኪሙ አጭር ቃል በእንግሊዝኛ ነገረችው። እኔ እንግሊዝኛ ከጣሳና ከካርቶን ላይ ተምሬአለሁና ገባኝ፤ «አታውቅም» ነው ያለችው። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ በአማርኛ፣ ለመጋረጃው መሆኑ ነው፣ «ሕመምተኛ ናት፤ የምትለውን አታውቅም» አለች። ካኪ ለባሾቹም ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሐኪሙ ያስረዳኝን በራሴ ቋንቋ ላስረዳችሁ። አንጎል እንደ ሚዛን ነው። የከድጃ ሚዛን አለ፣ ክንዱም አልተሰበረም፤ መመዘኛ ድንጋዮቹ ግን አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። ድንጋይ የሌለው ሚዛን ምን ይመዝናል? በመጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል፤ የትናንቱ ይሄዳል፣ የልጅነቱ ይቆያል። እጅና እግር የለመዱት ነገር ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው የሚጠፋው። የሚያቆመው መድኃኒት የለም። ቤት ውስጥ፣ የምታውቀው ቦታ ላይ፣ ሰው ሳይለያት ትያዝ አለ።

«ስንት ሰው አለዎት?» ብሎ በነርሷ አስጠየቀኝ።

«እኔ አለሁ።»

«ሌላስ?»

«እኔ እበቃለሁ» አልኩ።

ነርሷ ሳትተረጉምለት አየችኝ።

ልጃችን ሰዓዳ ኮልፌ ነው የምትኖረው። ባሏ ወደ ጦር ግንባር ተወስዶ ትንንሽ ልጆች ታቅፋ ቀርታለች። እናቷን ወደ እሷ ልትወስድ አትችልም፤ ያንን እኔም አልጠበቅኩባትም። እሷ ያመጣችው ሐሳብ ሌላ ነበር።

«አባባ፣ አገር ቤት አክስቴ ዘንድ ትሂድ። እዚያ መንደሩ ሁሉ ይጠብቃታል። መኪና የለ፣ ዘበኛ የለ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ?»

«እርስዎ ሽማግሌ ነዎት።»

«እኔ ሽማግሌ? ትናንት የጆንያውን ሚዛን ብቻዬን አይደለም ያነሳሁት?»

«ሚዛን ካስቀመጡት ቦታ ተነስቶ አይሄድም፣ አባባ። እማዬ ትሄዳለች።»

እውነቷን ነው፤ ትሄድ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዓት እላፊ ነበር። ከተወሰነው ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው «ቁም!» ይባላል፤ ካልቆመ ይተኮስበታል። ከድጃ ደግሞ ልቧ የሚነሳው ልክ ሲመሽ ነው። አንድ ማታ ለምሽቱ የመግሪብ ሰላት ልታጠብ፣ ውዱእ ላደርግ፣ ጓሮ ገብቼ ስመለስ አጣኋት። ሰፈራችንን፣ ሶማሌ ተራን፣ ዞርኩት። እህል በረንዳ ድረስ ሮጥኩ። ነጋዴው ሱቁን እየዘጋ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ እየተጣደፈ ነው። ማንም ቆሞ አይመልስልኝም። ሰው በሩጫ መሐል ሚስቱን ሲጠራ ድምፁ እንዴት እንደሚያንስ ያን ቀን አወቅኩ።

ቤት ተመልሼ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ደምሴ እጇን ይዞ አመጣት። ደምሴ ቀድሞ እህል በረንዳ ጆንያ ተሸካሚ ነበር፤ ለከድጃ ስንት ዓመት ተሸክሟል። አሁን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል።

«ጋሼ ሰይድ፣ እንግዲህ ሚስትዎን ይያዙ እንጂ! አውቶቡስ ተራ ነው ያገኘኋት። የሐይቅ መኪና የቱ ነው እያለች።»

«ምን አለችህ?»

«‹ቁሚ!› ስላት ዞር አለችና ‹አንተ፣ ጆንያውን ቀስ ብለህ አውርደው፤ ይፈስሳል› አለችኝ።» ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወው። «ዛሬ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ነገ ዘብ የሚወጣው ሌላ ጓድ ነው። እሱ አያውቃትም። አንዴ ‹ቁሚ› ይላል። ሁለተኛ አይልም።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከሩቅ ተኩስ በተሰማ ቁጥር እጄን እልካለሁ፤ ትከሻዋ አለ። ከዚያም መቀርቀሪያ ሠራሁ።

ቤታችን እንደ ብዙ የመርካቶ ቤት ነው፤ ፊቱ ሚዛን የምጠግንበት ሱቅ፣ ጀርባው መኝታ። በሩ በቀጥታ ወደ መንገዱ ይከፈታል። የሠራሁት መቀርቀሪያ ከውጭ በጣት ይከፈታል፣ ከውስጥ ግን ሚስጥሩን ያላወቀ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢታገል አይከፍተውም። አንድ የቁልፍ ነጋዴ አይቶ «ሽጥልኝና ላባዛው» ብሎ ለምኖኛል። ከድጃ አልከፈተችውም። በሩን ግን ደበደበችው። ደንበኛ ዘንድ ሄጄ ሚዛን ጠግኜ ስመለስ ጥፍሮቿ ተሰብረው፣ እንጨቱ ላይ ደም አገኘሁ። ድምፅዋ ጠፍቷል። ጥግ ላይ ኩርምት ብላ «ሌቦች ናቸው የዘጉብኝ፤ ሰይድ ይምጣና ያሳያችኋል» አለችኝ። ለእኔ ነው የምትነግረኝ።

ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ክርና ቁልፍ የምትሸጥ የስልጤ ሴት ናት፤ ምላሷ አይጣል ነው። እጇን በወገቧ አድርጋ መጣች።

«ጋሼ ሰይድ፣ ለመቀርቀሪያዎ ሽልማት ይስጥዎ። ግን ሴትዮዋን ይፍቷት! ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ደንበኞቼ ሰው የሚታሰርበት ቤት መስሏቸው ሸሹ።»

«ልፍታትና ይተኩሱባት?»

እጇን ከወገቧ አወረደች። ዘይነባን ዝም ያሰኘ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

መቀርቀሪያውን ነቀልኩት። ከዚያ ወዲያ ሥራ የምሠራው በአንድ ዓይኔ ነበር። ሚዛን ስፈታ አንድ እጄ ነጠላዋን ይዟል። ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። ሰላት ስሰግድ ግማሹን አላውቀውም። አንዳንድ ጊዜ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አሁኑኑ ቢወስዳትና ባርፍ እያልኩ እጠይቅ ነበር። ሕመምተኛ የሚይዝ ሰው ይህን አስቦ ራሱን ቢጠላ እንዲያውቀው ነው የምጽፈው፤ ብቻውን አይደለም።

አሁን ወደ ዘንጉ ልምጣ። መርካቶን የሚያውቅ ይህን ልማድ ያውቃል። ነጋዴ ለሰላት ሲወጣ ሱቁን አይዘጋም። ከመቃን እስከ መቃን አንድ ዘንግ ያጋድማል። ያ ዘንግ «ባለቤቱ ሰላት ላይ ነው» ማለት ነው። ልጅም ቢሆን ከሥሩ ገብቶ ማለፍ ይችላል፤ ግን ማንም አይገባም፤ እስላምም ክርስቲያንም፣ ሌባም ሳይቀር አይሻገረውም። ባለቤቱ ተመልሶ እስኪያነሳው ድረስ ዕቃው በዘንጉ ታምኖ ይቀመጣል። የእኔ ዘንግ የአሮጌ ሚዛን ክንድ ነው፤ ረጅም ነው፣ መንገዱ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ቀን የቀትሩ የዙህር አዛን ሲሰማ ከድጃ ሱቁ ውስጥ በርጩማዋ፣ ዱካው ላይ፣ ተቀምጣ ነበር። ሐሳብ ወስዶኝ እጄ እንደለመደው ዘንጉን አጋድሞ እግሬ ወጣ። መስጊድ ገብቼ ሰላት ላይ ቆሜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከድጃን ክፍት በር ላይ ትቻት መጥቻለሁ። አሰላምቼ ሰላቱን ጨረስኩና ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ። በዚያ ሩጫ ውስጥ ምን እንዳየሁ አልናገርም።

ከድጃ ተቀምጣለች። ከዘንጉ ወዲህ አንድ ደንበኛዬ ሚዛን ታቅፎ ቆሟል፤ እሷ ከዘንጉ ወዲያ ሆና ታስተናግደዋለች።

«ባለቤቱ ሰላት ላይ ነው አልኩህ እኮ። ቁም፣ አትንጠራራ። ዕቃው በእኔ እጅ ነው።»

«እትዬ፣ እሺ ብያለሁ፣ ቆሜያለሁ» ይላል ሰውየው።

ዘንጉን አነሳሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ማን እንደሆንኩ ታውቅ አታውቅ እንጃ።

«አላህ ይቀበልህ» አለችኝ። «ማንም ምንም አልነካም።»

ተንበርክኬ አለቀስኩ። ደንበኛው ሰው የሞተብኝ መስሎት «አላህ ያጽናህ» ብሎኝ ሄደ።

ሐኪሙ እጅና እግር የለመዱት ከሁሉም በኋላ ነው የሚጠፋው ብሎኝ አልነበር? ስሟን እየረሳች፣ እኔን እየረሳች፣ ዘንግ እንደማይሻገሩ ግን አልረሳችም። ዕድሜዋን ሙሉ ለጎረቤት ነጋዴ ዕቃ ጠብቃለች። ቆልፌባት በደም የመለሰችልኝን በር በአንድ ዘንግ በፈቃዷ ጠበቀችው። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ በመጽሐፍ አልተጻፈም፣ ሆስፒታሉም አያውቀውም።

እንግዲህ በዚያ ላይ ቤቱን እንደ አዲስ ቀየስኩት። ጠዋት በሙቅ ውኃ አጥባታለሁ፤ ራቁቷን ስትሆን ስለምታፍር ነጠላ ከላይ አድርጌ ከሥር በጨርቅ ነው የማጥባት። መስተዋቱን ሸፈንኩት፤ አንዲት አሮጊት ቤቷ የገባች እየመሰላት ትጣላ ነበርና። ላምባና ሳሙና ሣጥን ገባ። ምስር ከሽንብራ ቀላቅዬ በሰፌድ እሰጣታለሁ፤ ስትለቅም ትውላለች፣ ሲያልቅ መልሼ እቀላቅለዋለሁ። ሥራ ስሄድ ዘንጉን አጋድሜ «ሰላት ሄጄ መጣሁ» እላታለሁ፤ ዘይነባ በየመሐሉ ብቅ ትላለች። ሲመሽ ደግሞ፣ ልቧ የሚነሳበት ሰዓት ሲደርስ፣ በሩ ሳይዘጋ ዘንጉን አጋድሜ ጓሮ እሰግዳለሁ። እሷ ቋጠሮዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። ሰግጄ ስመጣ «አላህ ይቀበልህ» ትላለች፤ አደራዋን ታስረክበኛለች፤ ከዚያ ተነስታ እንደ ልጅ ትከተለኝና ትተኛለች። ሰዓዳ መጥታ አይታ እጄን ሳመች። አገር ቤት የሚል ነገር ቀረ። አንድ የክረምት መግቢያ፣ አንድ ጥጋብ የሚመስል ጊዜ ነበረን።

አሁን ሁለተኛው ማስጠንቀቂያዬ ነው።

በሐምሌ፣ ስኳር በሚታደልበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቀበሌው ሱቅ ሚዛን ተሰበረ። ሕዝቡ በዝናብ ተሰልፏል። ሊቀመንበሩ ሰው ላከብኝ። ዘይነባ ልቅሶ ሄዳለች። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ዘንጉን አጋደምኩ።

«ሰላት ሄጄ መጣሁ» አልኳት። ሰላት አልነበረም።

«ሂድ፤ እኔ አለሁ» አለችኝ።

የሚዛኑ ልብ፣ ክንዱ የሚያርፍበት ስለት፣ ነበር የተሰበረው። እንደ አዲስ መሞረድ ነበረበት። ልሂድና ልመለስ አልኩ፤ ሊቀመንበሩ «ሰልፉ ሳያልቅ የትም የለም» አለ። ሚስቴ ታማለች አልኩ። «ሁሉም ሚስት አለው፣ ጓድ» አለኝ። ሞረድኩ። ያንን ሚዛን በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሌላ ሰው በከተማው የለም፤ ዛሬም በዚያው ሞረዴ ነው የሚመዝነው። የመጨረሻው ሰው ስኳሩን ይዞ ሲወጣ ሰዓት እላፊው ገብቷል። በሩ ላይ የማላውቀው ዘብ ቆሟል። አንድ እርምጃ ወጣሁ፤ ጠመንጃውን አዞረ። ተመለስኩ። ብሞትላት አልጠላም ነበር፤ ግን ብሞት ዘንጉን ማን ያነሳል? የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ አዳመጥኩት። ዘይነባ ትመጣለች፣ ታስገባታለች እያልኩ አነጋሁ።

ሲነጋ የገባሁት እየሮጥኩ ነው። በሩ ክፍት ነው። ዘንጉ እንደተጋደመ ነው። ከድጃ ዱካው ላይ እንዳለች ናት። ዝናቡ እስከ ጉልበቷ ድረስ ገብቶባታል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ልብሷ ላይ ሸንታለች። ትከሻዋ ላይ የዘበኛ ካፖርት አለ። ዘንጉን ሳነሳ አንገቷን ቀና ለማድረግ ታገለች።

«አላህ ይቀበልህ» አለችኝ። «ረጅም ሰላት ነው የሰገድከው።»

ዘይነባ ደረቷን እየደቃች መጣች። «ከልቅሶ ስመለስ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ዘንጉን አየሁ። ‹ሰይድስ?› ብላት ‹ሰላት ላይ ነው› አለችኝ። ጓሮ እየሰገዱ መሰለኝ። ጓሮ ገብቼ ማየት እችል ነበር፤ ግን ዘንግ ተጋድሞ እንዴት ልሻገር? ዕድሜዬን ሙሉ ተሻግሬ አላውቅም፣ ጋሼ ሰይድ! ምነው እጄን በቆረጠው!»

ደምሴም መጣ። ሌሊት በዚያ ሲያልፍ አይቷታል። «ግቢ ብላት ‹ባለቤቱ ሳይመጣ?› አለችኝ። በሩን ልዘጋባት ስል ‹ሌቦች!› ብላ ጮኸች፤ ባልደረባዬ እንዳይሰማ ፈራሁ። ካፖርቴን በዘንጉ ላይ አሻግሬ አለበስኳት። እኔም አልተሻገርኩም።»

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያዬ ይኸው ነው። ሕመምተኛችሁ እንዲጠብቃችሁ መላ ካገኛችሁ፣ እናንተ ብትቀሩ መጥቶ «በቃ፣ ጨርሰሻል» የሚለውን ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኔ ሁሉን አዘጋጅቼ ያንን አንዱን ሰው አላዘጋጀሁም። ሐኪሙ «ሌላስ?» ሲለኝ «እኔ እበቃለሁ» ብዬው ነበር።

የሳንባ ምች ያዛት። ከክሊኒኩ ድሬሰር እየመጣ ፔኒሲሊን ወጋት። እንዴት እንደማገላብጣት፣ ጀርባዋን በመዳፌ እንዴት ቀስ አድርጌ እንደምመታ፣ ወገቧና ተረከዟ እንዳይቆስል ምን እንደማስደግፍ አሳየኝ። ሰዓዳ ልጆቿን ለዘይነባ ሰጥታ ከእኔ ጋር እየተፈራረቀች አስታመመች። ድሬሰሩ ክረምቱን አትወጣም ብሎ ለሰዓዳ በሹክሹክታ ነግሯት ነበር። ወጣችው። ሳሉ ቆመ፣ ትኩሳቱ ወረደ። እስከ ዛሬ ሰውነቷ ላይ አንድ የአልጋ ቁስል የለም፤ ሆስፒታል ሄዳችሁ እንዲህ የተያዘ ሕመምተኛ ፈልጉ፣ አታገኙም።

እግሯ ግን አልተመለሰም። ከእንግዲህ አውቶቡስ ተራ አትሄድም፤ ማንም «ቁሚ» አይላትም። ዘንጉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በቀን የምትለው ቃል ጥቂት ነው፤ እሱም እየቀነሰ ነው። ከሁሉ የቀረላት አንድ ጥያቄ ነው። ሳገላብጣት፣ ስመግባት፣ ፊቷን ሳብስ፣ ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ ትጠይቀኛለች፦

«ባለቤቱ ተመለሰ?»

መጀመሪያ ሰሞን ልቧ እንዲያርፍ ብዬ «አዎ፣ ተመልሷል» አልኳት። ፊቷ በራ። ተነፈሰች። «አልሐምዱ ሊላህ፤ እንግዲያ ልሂድ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች። ለሁለት ቀን አፏን ለውኃ አልከፈተችም። ድሬሰሩ መጥቶ ትንፋሿን አዳምጦ ራሱን ነቀነቀ። በሁለተኛው ቀን ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብዬ «ከድጃ፣ ተሳስቼ ነው፤ ባለቤቱ አልመጣም፤ ዕቃው በአንቺ እጅ ነው» አልኳት። ጆሮዋ፣ እኔ ያጸዳሁት፣ ሰማ። ዓይኗን ገለጠች። ውኃውን ጠጣች።

ሰዓዳ «አባባ፣ ይልቀቋት፤ ደክሟታል» ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። ልጄ ብልህ ናት፣ እኔን ናት። ግን እኔ ሚዛን የማስተካክል ሰው ሆኜ ይህንን መመዘን አቅቶኛል።

ዛሬም ጠዋት ሳጥባት ጠየቀችኝ።

«ባለቤቱ ተመለሰ?»

«አልተመለሰም» አልኳት። «ትንሽ ጠብቂው።»